«አገር ስጠኝ» የሚለው ነጋዴ

«እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልሽ» ብሎ ያልመለሰ፣ መልሱ ሲጠፋውም አገር ሰጥቶ ያልተገላገለ ኢትዮጵያዊ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። አንዱ ጎንደርን ይሰጣል፤ ሌላው ሐረርን ይሰጣል፤ ጠያቂው ግን ደስ የሚለው አገር እስኪሰጠው ድረስ «እሱን አልፈልግም» እያለ ይከራከራል። በመጨረሻም አገሩን ተቀብሎ፣ በተቀበለው አገር ጥቂት ከተንደላቀቀበት በኋላ መልሱን ይናገራል። ይህን ጨዋታ ከልጅነታችን ጀምሮ ስለምናውቀው ብዙ ጊዜ ልብ ብለን አንመለከተውም። ዳሩ ግን በውስጡ አንድ ታላቅ ሕግ አለ። ይኸውም አገር የተቀበለ ሰው መልሱን የመናገር ግዴታ ያለበት መሆኑ ነው። አገሩን ወስዶ መልሱን በልቡ ይዞ የሚሄድ ጠያቂ ቢገኝ፣ ልጆቹ ሁሉ አታላይ ብለው ከጨዋታው ያስወጡታል።

ይህን የቆየ ሕግ በዛሬው ጽሑፌ መግቢያ ላይ ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በዘመናችን እንቆቅልሽ የሚጠይቁት አያቶችና ልጆች ብቻ መሆናቸው ቀርቶ ነጋዴዎችም ጠያቂዎች ሆነዋል። ዕቃቸውን «ግዙ» ብሎ መለፈፍን ትተው፣ ተረት እየተረቱና ምስጢር እየደበቁ ሰውን ወደ ጨዋታ ይጠሩታል። ጥሪው ለጆሮ የሚጣፍጥ ነው። ከዚህም የተነሣ እያንዳንዱ ተማሪና ሥራ ጀማሪ ባለሥልጣን፣ እነዚህ አዲስ ጠያቂዎች የእንቆቅልሽን ሕግ ያከብራሉን ብሎ ሊመረምር የሚገባው ይመስለኛል።

በማዞሪያው ላይ የታየው

በ2016 ዓ.ም. ክረምት በኮልፌ 18 ማዞሪያ ያለፈ ሰው አንድ እንግዳ ነገር ሳያይ አልቀረም። የሰፈሩ ስም ራሱ ቁጥርና መዞር የተገናኙበት እንቆቅልሽ ይመስላል። በዚያ ታክሲ ለመሳፈር ከተሰለፉት ወጣቶች መካከል ብዙዎቹ ስልካቸውን ባንድ እጃቸው ይዘው፣ በሌላው እጃቸው ጣት መስተዋቱን ያለማቋረጥ ይነካኩ ነበር። ደንበኛ የሚጠብቀው ሊስትሮም፣ በሱቁ ደጃፍ የተቀመጠው ባለሱቅም፣ ፈተናውን ጨርሶ ውጤቱን የሚጠባበቀው ተማሪም እንዲሁ ያደርጉ ነበር። በድሮ ጊዜ በቴሌግራፍ ቤት የሠራ ሽማግሌ ቢያያቸው፣ ሁሉም ባንድነት የሽቦ መልእክት የሚልኩ ይመስሉት ነበር። ሽማግሌው እንዲህ ቢያስብ ፈጽሞ ተሳስቷል አይባልም።

ነገሩ ሃምስተር ኮምባት የሚባል ጨዋታ ነው። በቴሌግራም ላይ የተጀመረው በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ነበር። ተረቱ አጭር ነው፤ ሃምስተር የተባለች አይጥ መሰል ትንሽ እንስሳ የዲጂታል ገንዘብ የሚመነዘርበት ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ትሆናለች፤ ተጫዋቹም እሷን ሆኖ ድርጅቱን ያሳድጋል። ስልኩን በነካ ቁጥር ሳንቲም ይጠራቀምለታል። በየቀኑም አንድ የምስጢር ቃል ይወጣል፤ ቃሉም የሚጻፈው በሞርስ ፊደል፣ ማለት በአጭርና በረጅም ንክኪ ነው። እንዲሁም ከብዙ ካርዶች መካከል የዕለቱን ሦስት ካርዶች ለይቶ ያወቀ ሰው ትልቅ ጉርሻ ያገኛል። «የዛሬው ካርድ ወጣ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚነሣ ነበር። መልሱን ያገኘ ለጓደኛው ይነግራል፤ ጓደኛውም ለሌላው ያስተላልፋል። አዲስ ሰው ያስገባ ተጨማሪ ሳንቲም ይሰጠዋል፤ የድርጅቱን የዩትዩብና የቴሌግራም ገጾች የተከተለም እንዲሁ።

ሁሉም የሚጠብቀው የጨዋታው ሳንቲም ወደ እውነተኛ ገንዘብ የሚለወጥበትን ቀን ነበር። ቀኑም መስከረም 16 ቀን 2017 ዓ.ም. ሆነ፤ ለእኛ የደመራ ዕለት መሆኑ ነው። አዘጋጆቹ ከ300 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው እንደ ተጫወተ፣ ከእነዚህም 131 ሚሊዮኑ ድርሻ እንደሚያገኙ አስታወቁ። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ተጫዋቾች ለወራት ድካማቸው ያገኙት ጥቂት ዶላር ወይም ከዚያ ያነሰ ነበር። የሳንቲሙም ዋጋ ወዲያው መውረድ ጀመረ። ደመራው ተለኩሶ ወደ የትኛው አቅጣጫ እንደ ወደቀ ሕዝቡ ሲመለከት፣ በየስልኩ ውስጥ ደግሞ የብዙ ወጣት ተስፋ በዚያው ሰሞን ወደቀ።

የነገሩ አጀማመር

እንዲህ ያለው ጨዋታ ትናንት የተፈጠረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1927 (በእኛ 1919 ዓ.ም.) በእንግሊዝ አገር ዌስትሚንስተር ጋዜት የሚባል ጋዜጣ ነበር። በዕረፍት ወራት ሰዎች ወደ ባሕር ዳርቻ ስለሚሄዱ የጋዜጣው ሽያጭ ይቀንስ ነበር። ስለዚህ አዘጋጆቹ አንድ ብልሃት አወጡ። «ሎቢ ሉድ» የሚል የፈጠራ ስም የተሰጠው አንድ ሰው በባሕር ዳርቻ ከተሞች እንዲዘዋወር አደረጉ፤ ስሙንም ያወጡት ከጋዜጣው የቴሌግራም አድራሻ ነበር። የሰውዬውን መልክና የሚገኝበትን ከተማ ጋዜጣው ያትማል። ጋዜጣውን በእጁ ይዞ፣ የተወሰነውን ቃል ተናግሮ ሎቢ ሉድን ያወቀ አንባቢ 50 ፓውንድ ይሸለማል። እንግዲህ ያ ሁሉ ዕረፍተኛ፣ ጋዜጣ ገዝቶ መንገደኛውን ሁሉ በጥርጣሬ ሲመለከት ይታያችሁ! ሆኖም ጋዜጣው የጨዋታው ባለቤት ማን እንደሆነ አልሸሸገም፤ ሽልማቱንም በቁጥር ተናግሯል።

ከ74 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 (በእኛ 1993 ዓ.ም.)፣ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ስቲቨን ስፒልበርግ ስለ ሰው ሠራሽ አእምሮ ያዘጋጀው ፊልም ሊታይ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በማስታወቂያው ላይ ከተዘረዘሩት የሠራተኞች ስሞች መካከል አንድ የማይመስል ስም ተገኘ። ጃኒን ሳላ የተባለች ሴት «የሚያስቡ መኪናዎች ሐኪም» ተብላ ተጽፋለች። ይህች ማን ናት ብሎ ስሟን በኢንተርኔት የፈለገ ሰው በ22ኛው መቶ ዓመት ውስጥ የተጻፉ የሚመስሉ ገጾች አገኘ። ገጾቹን ባነበበ ጊዜም ኢቫን ቻን የተባለ ሰው ተገድሎ ኖሯል። ከዚያ በኋላ የገዳዩ ፍለጋ ተጀመረ። ስልክ የሚደውል አለ፤ ደብዳቤ የሚጽፍ አለ፤ ምስጢራዊ ጽሑፍ የሚፈታ አለ። ይህን ጨዋታ ማይክሮሶፍት ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ጆርዳን ዋይዝማንና ኢላን ሊ ከደራሲው ከሾን ስቱዋርት ጋር አዘጋጁት። መጀመሪያ ያዘጋጁት ዝርዝር 666 ነገሮች ስለነበሩበት፣ በዮሐንስ ራእይ ካለው ቁጥር በመነሣት «አውሬው» ብለው ጠሩት።

አዘጋጆቹ ያላሰቡት አንድ ነገር ግን ደረሰባቸው። ለብዙ ሳምንታት ይበቃል ብለው የደበቁትን ምስጢር ተጫዋቾቹ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ፈቱት። ምክንያቱም አንድ ሰው ብቻውን የሚፈታው አልነበረም፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በማኅበር ተሰብስበው አንዱ ሙዚቃ፣ ሌላው ሒሳብ፣ ሌላው የውጭ ቋንቋ ያውቅ ነበርና። ስለዚህ ደራሲዎቹ ሌሊቱን እየሠሩ ታሪኩን ለመቀጠል ተገደዱ፤ ተጫዋቾቹ የሚያደርጉትንም እየተመለከቱ ታሪኩን ያስተካክሉ ጀመር። አልተርኔት ሪያሊቲ ጌም የሚባለው፣ በእኛ ቋንቋ «ተለዋጭ እውነት ያለው ጨዋታ» ልንለው የምንችለው ነገር ከዚህ በኋላ ስም አገኘ።

እ.ኤ.አ. በ2004 (በእኛ በ1996ና በ1997 ዓ.ም.) ደግሞ ሄሎ 2 የተባለ የቪዲዮ ጨዋታ ለገበያ ሊወጣ ሲል፣ «አይ ላቭ ቢስ» በሚል ስም ሌላ ተዘጋጀ። ይህኛው በእውነቱ የሬዲዮ ድራማ ነበር። ነገር ግን ድራማው በሬዲዮ አልተላለፈም፤ ተቆራርጦ በየመንገዱ በቆሙት የሕዝብ ስልኮች ተበተነ። ተጫዋቾች የተሰጣቸውን የቦታ ቁጥር ተከትለው በተወሰነው ሰዓት ስልኩ አጠገብ ይቆማሉ፤ ስልኩም ሲጮህ አንሥተው የድራማውን ቁራጭ ይሰማሉ። በፍሎሪዳ አንድ ተጫዋች ኃይለኛ አውሎ ነፋስ እየመጣ ሳለ ስልኩን ትቶ አልሄድም ማለቱ እስካሁን ይነገራል። ሰው ለተረት ብሎ ይህን ያህል መሥዋዕትነት መክፈሉ ያስደንቃል፤ ያስፈራልም።

ሰው ለምን ይሳተፋል?

ይህ ጥያቄ ለእኛ አዲስ መሆን የለበትም። ወደ አዝማሪ ቤት የገባ ሰው መልሱን ያውቀዋል። አዝማሪው መሰንቆውን ይዞ ሲዘፍን እንግዳው ዝም ብሎ አያዳምጥም። «ተቀበል!» ይልና ግጥም ያቀብለዋል፤ አዝማሪውም ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። በዚያች ሰዓት እንግዳው አድማጭ መሆኑ ቀርቶ ባለ ዘፈን ይሆናል። ግጥሙ ጓደኛውን የሚነካ እንደሆነ ጓደኛው መልስ ለማቀበል ይነሣል፤ በዚህም መካከል ብርሌው ይሞላል፤ ይጎድላል። ልብ ብላችሁ ከተመለከታችሁት ይህም ንግድ ነው። ቤቱ ጠጅ ይሸጣል፤ ዘፈኑም ጠጪውን ያቆየዋል። ሆኖም የጠጁ ባለቤት ማን እንደሆነ፣ ብርሌውም ስንት እንደሚሸጥ ሁሉም ያውቃል። ጠጪው ወደ ቤቱ ሲመለስ ኪሱ ቢጎድል እንኳ ተታለልሁ ብሎ አይከስም።

የሬዲዮንም ምሳሌ ላንሣ። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሬዲዮ «የቀን ቅኝት» የተባለ ተከታታይ ድራማ በ257 ክፍል ተላልፎ ነበር። ያዘጋጀው ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር ነው፤ የሚሸጠው ዕቃ አልነበረውም፤ ስለ ኤች አይ ቪና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ለማስተማር ነበር የታሰበው። ከአድማጮች ከ15,000 በላይ ደብዳቤዎች ደረሱት። ሰው በወረቀት ጽፎ፣ ቴምብር ለጥፎ፣ ስለ ፈጠራ ሰዎች ዕድል ሐሳቡን የሚልከው ለምንድን ነው? ታሪኩ የእርሱ ስለሆነ ነው። ተረት ሲነገር «የላም በረት» ብሎ መመለስ የለመደ ሕዝብ፣ ዝም ብሎ የሚሰማው ተረት አይጥመውም።

እንግዲህ የእነዚህ ጨዋታዎች ኃይል ከሦስት ነገር የመጣ ነው። አንደኛ፣ ታሪኩ ተሰባብሮ ይበተናል፤ ሰባራውን የሚገጥመው ሰሚው ነው። ሁለተኛ፣ ገጣጣሚው ብቻውን ስለማይችል ጓደኛ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ማስታወቂያው ያለ ደመወዝ በሚሠሩ ሰዎች አፍ ይዞራል። ሦስተኛ፣ ባለታሪኩ መልስ ይሰጣል፤ ሰውም መልስ ወደሚያገኝበት ቦታ ይመለሳል። በሃምስተር ጨዋታ ውስጥ ሁለተኛው በጣም በዝቶ፣ አንደኛው በጣም ቀጥኖ፣ ሦስተኛው ፈጽሞ ጠፍቶ ነበር። ታሪኩ ልብ የሚይዝ አልነበረም፤ ልብ ይይዝ የነበረው የገንዘብ ተስፋ ነው።

የኮልፌ ሌላ ታሪክ

እነዚህ ጨዋታዎች ልብሳቸውን የተዋሱት ከእውነተኛ የምስጢር ሥራ ነው። የተለወጠ ስም፣ የምልክት ቃል፣ በተወሰነ ሰዓት የሚደወል ስልክ፣ ይህ ሁሉ የጨዋታ ፈጠራ አይደለም። ኮልፌም ይህን በሚገባ ያውቃል። በ1954 ዓ.ም. ኔልሰን ማንዴላ በኮልፌ የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር ወታደራዊ ትምህርት ተከታትለዋል። በተሰጣቸው የኢትዮጵያ ፓስፖርት ላይ ስማቸው «ዴቪድ ሞትሳማዪ» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ወደ አገራቸው በተመለሱ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ተይዘው 27 ዓመት ታስረዋል። ማንዴላ ስማቸውን ለጊዜው ሸሸጉ እንጂ፣ ማን እንደላካቸው፣ ለምን እንደመጡ፣ ምን ዋጋ ሊያስከፍላቸው እንደሚችል ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በዚያው በኮልፌ በ2016 ዓ.ም. ስልኩን ሲነካካ የዋለው ወጣት ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበረበት። የእርሱ ስምና ስልክ ቁጥር በግልጽ ይታወቃል፤ የጨዋታው ባለቤቶች ግን ማንነታቸውን በይፋ አልገለጹለትም ነበር።

በዚያው በ1954 ዓ.ም. ብሔራዊ ሎተሪ ተቋቁሟል። በሎተሪ ትኬት ላይ ዋጋው፣ ዕጣው የሚወጣበት ቀንና የሽልማቱ መጠን ታትሟል። ሎተሪ ዕድል ነው፤ ብዙ ሰው ገዝቶ ጥቂት ሰው ያገኛል። ቢሆንም ገዢው ምን እንደሰጠና ምን ሊያገኝ እንደሚችል ያውቃል። አገር የተቀበለው መልሱን ይናገራል ማለት ይህ ነው። በየቀኑ ሁለት ሰዓት ጊዜውን፣ የጓደኞቹን ስልክና የራሱን ዓይን ለጠያቂው የሰጠ ተጫዋች ግን፣ የሰጠው ነገር አገር መሆኑን እንኳ አላወቀም።

ማገድ ነው ወይስ ማስተማር?

አንዳንድ አዛውንት «ይህ ሁሉ የሥራ ፈት ነገር ነውና ይከልከል» ይላሉ። ወጣቶቹ ደግሞ «ሰው በገዛ ጣቱ ቢጫወት ማንን ይጎዳል?» ብለው ይመልሳሉ። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች ከነገሩ ግማሹን ብቻ ያያሉ። ጨዋታው ኃይል ነው፤ ኃይል ደግሞ ወደየትም ሊመራ ይችላል።

ለዚህ ምስክር የሚሆነን እ.ኤ.አ. በ2010 (በእኛ 2002 ዓ.ም.) የዓለም ባንክ ኢንስቲትዩት ያወጣው «ኢቮክ» የተባለ ጨዋታ ነው። ያቀናበረችው ጄን ማክጎኒጋል ናት። መነሻው የአፍሪካ ዩኒቨርስቲዎች፣ በተለይም የደቡብ አፍሪካዎቹ፣ ተማሪዎቻቸው ለአካባቢያቸው ችግር መፍትሔ እንዲፈልጉ የሚያነሣሣ ነገር መጠየቃቸው ነበር። ታሪኩ በሥዕል የተነገረ የወደፊት ዘመን ታሪክ ነው፤ በየሳምንቱም አንድ ተግባር ይሰጣል። ስለ ምግብ ዋስትና ባነበብህበት ሳምንት በሰፈርህ አንድ ነገር አድርገህ ያደረግኸውን በጽሑፍ ወይም በፎቶግራፍ ታሳያለህ። ለአሥር ሳምንታት ተካሄደ፤ ከ150 አገሮች ከ19,000 በላይ ሰዎች ተመዘገቡ። በእርግጥ ከተመዘገቡት ብዙዎቹ እስከ መጨረሻው አልዘለቁም፤ ተረቱን ማንበብ ይቀላል፤ ሥራውን መሥራት ይከብዳልና። ሆኖም ጠያቂው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚፈልግ፣ ሽልማቱም ምን እንደሆነ በግልጽ ተነግሮ ነበር።

በእኛም ከተማ እንዲህ ያለውን ጨዋታ የሚያዘጋጅ ነጋዴ ወይም መሥሪያ ቤት ቢነሣ መልካም ነው። ለምሳሌ አንድ መጻሕፍት ቤት የአንድን ልብ ወለድ ምዕራፎች ከ18 ማዞሪያ ጀምሮ በፀጉር ቤቱ፣ በሻይ ቤቱ፣ በቤተ መጻሕፍቱ ቢበትን፣ ለቃሚዎቹም ተገናኝተው ቢገጥሙት፣ መጽሐፉም ይሸጣል፤ ሰፈሩም እርስ በርሱ ይተዋወቃል። ይሁን እንጂ አንድ አጥር ሊኖረው ይገባል። የእነዚህ ጨዋታዎች አዘጋጆች «ይህ ጨዋታ አይደለም» እያሉ ማስመሰልን እንደ ጥበብ ይቆጥሩታል። ይህ በእኛ አገር በጥንቃቄ ሊታይ የሚገባው ነው። በየምሰሶው ላይ «አፋልጉኝ» የሚል ማስታወቂያ ከፎቶግራፍ ጋር ተለጥፎ እናያለን፤ ከዚያ ወረቀት ጀርባ እንቅልፍ ያጣች እናት አለች። ነጋዴ ሳሙና ለመሸጥ ብሎ የሐሰት «አፋልጉኝ» ቢለጥፍ፣ ነገ እውነተኛይቱን እናት የሚያምናት አይገኝም። በከተማችን ወሬ ምን ያህል በፍጥነት እንደሚዞር፣ ምን ያህልም ሰውን እንደሚያስደነግጥ ሁላችንም እናውቃለን። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 ማስታወቂያ ከሌላው ዝግጅት ተለይቶ እንዲታወቅና አሳሳች እንዳይሆን መደንገጉ ያለ ነገር አይደለም።

ስለዚህ ማናቸውም ጨዋታ በስልካችሁም ሆነ በመንገዳችሁ ላይ ሲጠራችሁ፣ ከመልሳችሁ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን እንድትጠይቁ እመክራለሁ። ጠያቂው ማን ነው? የምሰጠው አገር ምንድን ነው፤ ጊዜ ነው፣ ገንዘብ ነው ወይስ የጓደኞቼ ስም? መልሱስ መቼ ይነገረኛል? ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ፈራሚ የምትሆኑት ወጣቶች ደግሞ እነዚህኑ ጥያቄዎች ለአዘጋጁ ብታቀርቡለት፣ ጨዋታውን ሳታግዱ ተጫዋቹን ትጠብቁታላችሁ።

አባቶቻችን ለልጅ ጨዋታ ይህን ያህል ጥብቅ ሕግ ያወጡት ልጅን ስለሚንቁ አልነበረም። በተረት የተታለለ ልጅ አድጎ እውነትንም እንዳይጠራጠር ብለው ነው። ጎንደርን ለመጠየቅ የሚደፍር ሁሉ መልሱን ይዞ ይቅረብ፤ መልስ የሌለው ጠያቂ ግን ሐረርን ቀርቶ አንዲት የታክሲ ሰልፍ ደቂቃ እንኳ ልንሰጠው አይገባም።